ድርብርብ ኬክ ለጀማሪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቤት ውስጥ ኬክ መጋገር የጀመረ ሰው አንዴ ሲበላሽበት ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። «እጄ ለኬክ አይሆንም» ይላል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ድርብርብ ኬክ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው፤ በሙቀትና በችኮላ። ሁለቱንም ማስተካከል ማንም ይችላል። ከታች ያሉት አባባሎች ከአንዱ ጀማሪ ወደ ሌላው የሚተላለፉ ናቸው። አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ ስህተት ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ግማሽ እውነት ስላላቸው ይበልጥ ያሳስታሉ።

«ኦቨኑ 180 ላይ ከተደረገ ውስጡ 180 ነው»

ላይሆን ይችላል። በቤት ኦቨን ላይ የሚታየው ቁጥርና ውስጥ ያለው ሙቀት በ10 ወይም በ20 ዲግሪ ቢለያይ የሚገርም ነገር አይደለም። ስለዚህ ኦቨን ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ቴርሞሜትር ግዙ። ጀማሪ ማንኛውንም የማስዋቢያ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት መግዛት ያለበት እሱን ነው።

የኬኩ መሃል አብጦ የሚሰነጠቀውም ከሙቀት የተነሳ ነው። ፓትራው ብረት ስለሆነ ዳር ዳሩ ቀድሞ ይግላል። ዳር ያለው ሊጥ ቶሎ ይረጋል፤ መሃሉ ግን ገና ፈሳሽ ስለሆነ ወደ ላይ ማደጉን ይቀጥላል። ኦቨኑ በጋለ ቁጥር ይህ ልዩነት ይሰፋል። ለድርብርብ ኬክ ሙቀቱን ወደ 160 ወይም 165 ዝቅ አድርጎ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ መጋገር ጠፍጣፋ ኬክ ይሰጣል። ሌላም ዘዴ አለ። ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በውሃ ነክራችሁ ጨምቁት፤ ከዚያ የፓትራውን ዙሪያ ጠቅልሉት። ዳሩ ከመሃሉ ጋር እኩል ይበስላል። ጨርቁ የኦቨኑን እሳት እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። ኦቨናችሁ ማራገቢያ ካለው ደግሞ በአዘገጃጀቱ ላይ ከተጻፈው 20 ዲግሪ ያህል ቀንሱ።

«አንድ ኩባያ ያው አንድ ኩባያ ነው»

ለውሃ አዎ፤ ለዱቄት ግን አይሠራም። ዱቄት ይጠቀጠቃል። በማንኪያ ቀስ ተደርጎ የተሞላ ኩባያ ወደ 120 ግራም ይመዝናል። ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ገፍታችሁ ከዛቃችሁ ግን 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። ሦስት ኩባያ ዱቄት ለሚገባበት ኬክ ልዩነቱ 90 ግራም ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኬክ ደረቅና ድፍን ይሆናል፤ ወቀሳው ግን አዘገጃጀቱን ለጻፈው ሰው ይተርፋል። ሚዛን ካላችሁ በግራም ለኩ። ከሌላችሁ ዱቄቱን በማንኪያ አናፍሱት፤ ኩባያውን ሳትጫኑ ሙሉትና ከላይ ያለውን በቢላ ጀርባ ጥረጉት።

ስለ ስኳርም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ስኳር ለጣዕም ብቻ የሚገባ ይመስለውና በግማሽ ይቀንሰዋል። ስኳር እርጥበት ይይዛል፣ ኬኩን ያለሰልሳል፣ ላዩን ቡናማ ያደርጋል። ትንሽ መቀነስ ይቻላል። በግማሽ ከተቀነሰ ግን የሚወጣው ሌላ ኬክ ነው።

«ቅቤው ቀልጦ ቢገባ ሥራ ያቀላል»

የኬኩ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የገበታ ቅቤና ስኳር አብረው የሚመቱት እንዲዋሃዱ ብቻ አይደለም። የስኳሩ ቅንጣት ቅቤው ውስጥ እየገባ ጥቃቅን የአየር ኪስ ይፈጥራል። ቤኪንግ ፓውደር በራሱ አዲስ ቀዳዳ አይከፍትም፤ እነዚህን የአየር ኪሶች ነው የሚነፋቸው። ቅቤው ከቀለጠ አየሩን የሚይዝ ነገር የለም። ከፍሪጅ ወጥቶ እንደ ደረቀ ከገባ ደግሞ ስኳሩ አይሰርገውም።

ትክክለኛው ሙቀት ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ባይኖር ጣታችሁ በቂ ነው። ስትጫኑት ጎድጎድ ይላል፤ ጣታችሁ ግን አይሰምጥም። ላዩም በቅባት አያብለጨልጭም። ከዚያ በሚክሰር ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ምቱት። ቀለሙን ተከታተሉ፤ ቢጫው እየነጣ ይሄዳል፣ መጠኑም ይጨምራል። መሃል ላይ አቁማችሁ የሳህኑን ዳርና ታች በስፓቱላ ፋቁ፤ ያልተመታ ቅቤ እዚያ ይደበቃል።

እንቁላሉም ቀዝቃዛ መሆን የለበትም። ከፍሪጅ እንደወጣ ከገባ ቅቤውን ያጠጥረውና ውህዱ ይበጣጠሳል። ከነቅርፊቱ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ማስቀመጥ ይበቃል። አንድ በአንድ ጨምሩ። በዘይት ወይም በቀለጠ ቅቤ የሚሠሩ ጥሩ ኬኮችም አሉ፤ የእነሱ አዘገጃጀት ግን ከመጀመሪያው በዚያው መንገድ የተመጠነ ነው።

«ቤኪንግ ፓውደር ሲበዛ ኬኩ ከፍ ይላል»

ከፍ ይልና ይወድቃል። ጋዙ ሲበዛ አረፋዎቹ እርስ በርስ እየተጋጠሙ ይተልቃሉ፤ ሊጡ ከመርጋቱ በፊትም ይፈነዳሉ። ውጤቱ መሃሉ የሰረጎደ፣ አፍ ላይ መረር የሚል ኬክ ነው። ለ120 ግራም ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ቢበዛ አንድ ከሩብ ይበቃል።

ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደርም አንዱ የአንዱን ቦታ አይተካም። ሶዳ እንዲሠራ እርጎ፣ የሎሚ ጭማቂ ወይም ሌላ አሲድ ይፈልጋል። ፓውደሩ ግን አሲዱ አብሮት ታሽጎ የመጣ ነው። አሲድ በሌለበት ሶዳ ከገባ ኬኩ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከባህር ጠለል በላይ ከ1000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትጋግሩ ከሆነ ደግሞ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ጋዙ ይበልጥ ይለጠጣል። አብዛኞቹ አዘገጃጀቶች ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ትንሽ ጨመር አድርጉ።

«ሊጡ በተመታ ቁጥር ኬኩ ይለሰልሳል»

ዱቄቱ እስኪገባ ድረስ እውነት ነው። ከገባ በኋላ ግን ተቃራኒው ነው። የስንዴ ዱቄት እርጥበት አግኝቶ ሲታሽ ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ መረብ ይፈጥራል። ለዳቦ ግሩም ነው፤ ኬክን ግን ያጠነክራል። ነጭ ዱቄት መታየቱ ሲያቆም እናንተም አቁሙ።

«ኦቨን በፍጹም አይከፈትም፤ ስቴኪኒ ድርቅ ብሎ ካልወጣ አልበሰለም»

መጀመሪያ ላይ አትክፈቱ፤ ኬኩ ገና ስላልረጋ ሊወድቅ ይችላል። የመጋገሪያው ጊዜ ሦስት አራተኛ ካለፈ በኋላ ግን ከፈት አድርጎ ማየት ምንም አያመጣም። እንዲያውም ማየት አለባችሁ። አዘገጃጀቱ 35 ደቂቃ ቢልም የእናንተ ኦቨን በ30 ሊጨርስ ይችላል።

ስቴኪኒው ላይ ጥቂት ፍርፋሪ ቢይዝ ኬኩ በስሏል። እርጥብ ሊጥ ከያዘ ይቆይ። ፍርፋሪው ጠፍቶ ድርቅ እስኪል ከጠበቃችሁ ብዙ ጊዜ አልፎበታል፤ ኬኩ ከኦቨን ከወጣ በኋላም በራሱ ሙቀት ትንሽ ይበስላልና። መሃሉን በጣት ነካ ስታደርጉት ተመልሶ ከተነሳና ዳሩ ከፓትራው መላቀቅ ከጀመረ አውጡት።

«ፓትራው 5 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ምን ያመጣል?»

ብዙ ያመጣል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ፓትራ ወለሉ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የ25ቱ ደግሞ 491 ነው። ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ለ20 የተመጠነ ሊጥ 25 ላይ ሲፈስ ይሳሳል፣ ቶሎ ይበስላል፣ ይደርቃል።

«ትንሽ በረድ ካለ ክሬም መቀባት ይቻላል»

ለብ ያለ ኬክ ክሬም ያቀልጣል። ላዩ ቀዝቅዞ መሃሉ ሙቅ ሊሆን ስለሚችል መዳፋችሁን ከታች አድርጋችሁ ፈትሹ። ከኦቨን ሲወጣ ፓትራው ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ አየር በሚያሳልፍ መደርደሪያ ላይ ገልብጡት። ፓትራው ውስጥ ረስታችሁት ከዋለ ሥሩ በእንፋሎቱ ይርሳል።

ጊዜ ካላችሁ ሥራውን በሁለት ቀን ከፍሉት። ዛሬ ጋግሩ፤ ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ በደንብ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ቀዝቃዛ ኬክ ጠንከር ስለሚል በመጋዝ ጥርስ ቢላ ሲቆረጥ አይፈረፈርም። ያበጠውን አናት የምታስተካክሉትም ያኔ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

«ጎበዝ ሰው ክሬሙን ባንድ ጊዜ ቀብቶ ይጨርሳል»

ጎበዞቹ ሁለት ጊዜ ነው የሚቀቡት። የመጀመሪያው ፍርፋሪ ለመያዝ ብቻ ነው። በጣም ስስ አድርጋችሁ መላውን ኬክ ቀቡ፤ ኬኩ በክሬሙ ሥር ቢታይ አትጨነቁ። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። በጣት ስትነኩት የማይጣበቅ ከሆነ ሁለተኛውን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ። ፍርፋሪው ታስሯልና ላዩ ንጹህ ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ፦ ኬኩን የነካ ስፓቱላ ወደ ንጹሁ ክሬም አይመለስ። ለመጀመሪያው ቅብ የሚሆነውን ክሬም በሌላ ሳህን ለዩት።

በድርቦቹ መካከል ማርማላታ ወይም ፍራፍሬ የምታደርጉ ከሆነ መጀመሪያ ዳር ዳሩን በወፍራም ክሬም እንደ ግድብ ክበቡት። ማርማላታውን ውስጡ አድርጉ። ግድቡ ከሌለ የላይኛው ድርብ ሲጫነው ማርማላታው በጎን ይወጣል፤ ድርቡም ይንሸራተታል። የላይኛውን ድርብ ሥሩን ወደ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ሥሩ ለጥ ያለ ስለሆነ አናቱ በቀላሉ ቀጥ ይላል።

«ክሬሙ ከተበጣጠሰ ይደፋል»

አትድፉት። የቅቤ ክሬም ሲበጣጠስ ብዙ ጊዜ በርዶ ነው። ጥቂቱን ለብ አድርጋችሁ መልሱትና ምቱት። ከቀጠነ ደግሞ ሞቆ ነውና ለ15 ደቂቃ ፍሪጅ አስገብታችሁ እንደገና ምቱት። የሚመታ ክሬም (ከወተት የሚወጣው ፈሳሽ ክሬም) ግን ሌላ ነው። እሱ 35 በመቶ ገደማ ስብና ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ሳህኑ ጭምር ቢቀዘቅዝ ይመረጣል። መሻከር ሲጀምር ካላቆማችሁ ወደ ቅቤ ይለወጣል። ገና ሲሻክር ጥቂት ያልተመታ ክሬም ጨምሮ በእጅ ማማሰል ያድነዋል፤ ውሃው ከተለየ ግን አይመለስም። በሞቃት ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ለሚቆም ኬክም አይመከርም።

ቀለም ስትጨምሩ ክሬሙ ከምትፈልጉት ትንሽ ፈዘዝ ሲል አቁሙ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደምቃል። ጄል የሆነውን ቀለም ምረጡ፤ ፈሳሹ ሲበዛ ክሬሙን ያቀጥነዋል። የቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ ግን ሁለቱም አይገቡም። ጥቂት ጠብታ ውሃ ቸኮሌቱን ያደርቀዋል፤ ለእሱ በዘይት የተሠራ ቀለም አለ።

«ፎንዳንት የሌለው ኬክ ኬክ አይመስልም»

ፎንዳንት ማለት ተዳምጦ ኬኩ ላይ የሚለበጥ የስኳር ሊጥ ነው። ለጀማሪ አልመክረውም። ሥሩ ያለውን ጉድለት ሁሉ ያሳያል፣ ከፍሪጅ ሲወጣም ያልበዋል። በደንብ የተስተካከለ ክሬም፣ ከላይ ጥቂት ፍራፍሬ፣ በቂ ነው።

«አበባ ተፈጥሯዊ ስለሆነ፣ ብልጭልጩም ለኬክ ስለተሸጠ ችግር የለውም»

እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ፣ ቀልድ የለም። ሃይድራንጃና ኦሊያንደር ያምራሉ፤ ሁለቱም መርዛማ ናቸው። ለጌጥ የተሸጠ አበባም መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። ለምግብ ተብሎ ያልበቀለ አበባ ኬኩን ባይነካ ይሻላል።

የሚያብረቀርቀው ዱቄትም እንዲሁ ነው። ዕቃው ላይ «መርዛማ አይደለም» ማለት «ይበላል» ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት የልደት ኬክ የበሉ 6 ልጆች ታመው ነበር። ኬኩ ላይ የነበረው ወርቃማ ዱቄት ብዙ መዳብ ያለበት ሆኖ ተገኘ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከያ ማዕከል በ2021 ስለዚህ ጉዳይ ሪፖርት አውጥቷል። «የሚበላ» የሚል ቃልና የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ዕቃው ላይ ከሌለ አትግዙት።

«ኬክ ፍሪጅ ውስጥ ትኩስነቱን አይለቅም»

ሳይሸፈን የገባ ኬክ ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል። ቅዝቃዜው በራሱም ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስታርች ያጠጥረዋል። ለብዙ ቀን ማቆየት ከፈለጋችሁ ክሬም ያልተቀባውን ኬክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። የሚመታ ክሬም፣ ካስታርድ ወይም ቺዝ ያለበት ኬክ ግን የግድ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ለእንግዳ እስኪቀርብም አይውጣ።

በቅቤ የተሠራውን ከመቅረቡ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በፊት አውጡት። እንደቀዘቀዘ ሲበላ ቅቤው ስለረጋ ብቻ ደረቅ ይመስላል። ለመቁረጥ ረጅም ቢላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩና ጥረጉት። ከእያንዳንዱ ቁራሽ በኋላም እንዲሁ አድርጉ፤ ድርቦቹ ሳይለቃለቁ አንድ በአንድ ይታያሉ።