ተክል ሳይስበው ወቅት የሚጠብቅ ጋዝ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከወቅት ጋር ከፍ ዝቅ ማለቱ አያስገርምም። ተክሎች ሲለመልሙ ይስቡታል፤ ቅጠል ረግፎ ሲበሰብስ ይመለሳል። ግራ የሚያጋባው ሲኤፍሲ 11 ነው። ፋብሪካ የሠራው፣ ድሮ ለማቀዝቀዣና ለፎም ይውል የነበረ ጋዝ ነው። ተክል አይስበውም፣ አፈር አያመነጨውም። ታዲያ በሰሜን ንፍቀ ክበብ መሬት አጠገብ ሲለካ፣ ነሐሴ አካባቢ ለምን ቀነስ ይላል?

ነገሩ ያለው ላይ፣ ስትራቶስፌር በሚባለው፣ ከምንተነፍሰው አየር በላይ ባለው የከባቢ አየር ንብርብር ውስጥ ነው። እዚያ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲኤፍሲንና ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ሌላ ጋዝ ይሰባብራል። ስለዚህ የላይኛው አየር ከእነዚህ ጋዞች የሳሳ ነው። በብርዱ ወራት ይህ አየር ወደ ዋልታው ተጉዞ ቁልቁል ይሰምጣል። በሰሜኑ ጸደይ (ከመጋቢት እስከ ግንቦት ገደማ) ደግሞ እኛ ወደምንተነፍሰው አየር ሰርጎ ይገባል። ባለቀለም ውሃ ላይ ንጹሕ ውሃ ጠብ እንደማድረግ ነው፤ ቀለሙ ትንሽ ይፈዛል። እስኪዳረስ ግን ወራት ይፈጃል። ቅነሳው እስከ ነሐሴ መዘግየቱ ከዚህ ነው።

ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው። ናይትረስ ኦክሳይድ ከቢሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 340 ገደማ ሲሆን፣ የወቅቱ ውጣ ውረድ ብዙ ቦታ 1 እንኳ አይሞላም። ደግሞም አፈርና ውቅያኖስ ይህን ጋዝ ስለሚለቁ ምልክቱ ይደባለቃል። ሲኤፍሲ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ አብረው ካሽቆለቆሉ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስትራቶስፌር ነው። ኦዞን ግን ተቃራኒ ነው፤ ላይ ስለሚበዛ፣ የሚወርደው አየር ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም።