ኢላስቲክሰርችን ሊኑክስ ላይ መጫን

ኢላስቲክሰርች የፍለጋና የዳታ ትንተና ሞተር ነው። የጻፈው ሻይ ባኖን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ውስጡ ያለው ሉሲን የሚባል የጃቫ ላይብረሪ ነው። ሉሲን መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንደምናገኘው የቃላት ማውጫ ይሠራል፤ የትኛው ቃል የትኛው ሰነድ ውስጥ እንዳለ ቀድሞ ይመዘግባል። ስትፈልጉ ሰነዶቹን አንድ በአንድ አያገላብጥም፣ ማውጫውን ያያል። ፍጥነቱ ከዚህ ነው የመጣው።

መጫኑ ራሱ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ የአምራቹ የፊርማ ቁልፍና ሪፖዚተሪ (የፓኬጅ ማከማቻ) ይጨመራል፣ ከዚያ አፕት በሚባለው የፓኬጅ መጫኛ ይጫናል። የሬድ ሃት ቤተሰብ የአርፒኤም ፓኬጅ ይጠቀማል። ከ7ኛው ስሪት ወዲህ ጃቫ አብሮ ስለሚመጣ ለብቻው መጫን አያስፈልግም። ፓኬጁ ለሞተሩ የራሱን ዩዘር ይፈጥርለታል፤ ሩት በሚባለው የሲስተሙ ዋና ዩዘር ላስነሳው ካላችሁ እምቢ ይላል። ተጭኖ ሲያልቅ በራሱ አይነሳም። አገልግሎቶችን በሚያስተዳድረው በሲስተምዲ ታስነሱታላችሁ፣ ሰርቨሩ ሲበራም አብሮ እንዲነሳ ታዙታላችሁ።

ስክሪኑን ቶሎ አትዝጉ። ከ8ኛው ስሪት ጀምሮ የሞተሩ ዋና ዩዘር የሆነው የ«ኢላስቲክ» ፓስዎርድ የሚታየው እዚያው፣ በሚወርደው ጽሑፍ መሃል ነው። ካመለጣችሁ በሪሴት መሣሪያው አዲስ ይወጣል። ከዚያ ፖርት 9200ን በኤችቲቲፒኤስ ስትጠይቁ የኖዱን (እዚያ ማሽን ላይ የሚሠራው ሞተር) ስም፣ ስሪቱን፣ መጨረሻ ላይም «ዩ ኖው፣ ፎር ሰርች» የምትል መስመር ይመልሳል። እሷን ካያችሁ ሞተሩ ሠርቷል።

ፓስዎርዱን እንደ ጣጣ አትዩት። ድሮ ያለ ፓስዎርድ ነበር የሚጫነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ለኢንተርኔት ክፍት የቀሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ዳታቸው ተጠርጎ፣ በቦታው ገንዘብ ክፈሉ የሚል መልእክት ተቀመጠ። 9200ን ዛሬም ቢሆን ከፋየርዎል ጀርባ አድርጉት።

ሰው በብዛት የሚሰናከለው ግን ሜሞሪ ላይ ነው። ለጃቫ ሂፕ (የጃቫ ፕሮግራም ለራሱ ሥራ ለሚይዘው ሜሞሪ) የሚሰጠው ከራሙ ግማሽ መብለጥ የለበትም። ቀሪው ባዶ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ፤ ሊኑክስ የሉሲንን ፋይሎች ካሽ የሚያደርገው፣ ማለትም ቶሎ እንዲገኙ ሜሞሪ ላይ የሚያቆየው፣ በእሱ ነው። ሌላው ማክስ ማፕ ካውንት የሚባለው የከርነል ቁጥር ነው፤ አንድ ፕሮግራም ቢበዛ ስንት የሜሞሪ ክፍል መያዝ እንደሚችል ይወስናል። በብዙ ሲስተሞች ላይ 65530 ሆኖ ቆይቷል፣ ሞተሩ ግን ቢያንስ 262144 ይፈልጋል። በፓኬጅ ከጫናችሁ ራሱ ያስተካክለዋል፤ በታር ፋይል ወይም በዶከር ከሆነ እናንተው ማየት አለባችሁ። ይሄ ችግር መጀመሪያ ላይ ተደብቆ ይቆያል። ሞተሩ እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ሲያዳምጥ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያልፋል። ሌሎች ማሽኖች እንዲያገኙት አድራሻውን ስትቀይሩ ግን ያው ማስጠንቀቂያ ስህተት ይሆንና አልነሳም ይላል። ደህና ሲሠራ የነበረ ነገር በአንድ መስመር ለውጥ ከቆመባችሁ መጀመሪያ ሎጉን ክፈቱ፤ ምክንያቱ በግልጽ ተጽፏል።

ዲስክም አትርሱ። 95 በመቶ ሲሞላ ኢንዴክሶቹ (ሰነዶቹ የሚቀመጡባቸው ክምችቶች) አዲስ ጽሑፍ መቀበል ያቆማሉ።

አማርኛ ለምትፈልጉበት ደግሞ አንድ ሥራ ይቀራችኋል። አብረውት ከሚመጡት የቋንቋ አናላይዘሮች (ጽሑፉን ለፍለጋ ወደ ቃላት የሚከፋፍሉት) መካከል አማርኛ የለም። ለሞተሩ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዳታ ከማስገባታችሁ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው የሚመልስ የካራክተር ፊልተር ጻፉለት። ዘግይታችሁ ከጨመራችሁት የገባውን ሁሉ እንደገና ኢንዴክስ ማድረግ ግድ ይላችኋል።