ሮታሪ፣ ላየንስና የኛው ጽዋ ማኅበር

ኮቱ ላይ የመኪና ማርሽ የምትመስል ትንሽ ወርቃማ ፒን የሰካ ሰው አይታችሁ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ሁለት የአንበሳ ፊት አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የሚያይበት ፒን። ማርሿ ሮታሪ ናት፣ አንበሶቹ ላየንስ። ሁለቱም አባሎቻቸው እየተሰበሰቡ በጎ ሥራ የሚሠሩባቸው ዓለም አቀፍ ማኅበራት ናቸው፣ ሀገራችን ውስጥም ክለቦች አሏቸው፣ ሮታሪማ ከአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ነው ያለው። ግን ሰው ሲጠየቅ ምን እንደሚሠሩ በደንብ የሚያውቅ ብዙ የለም፣ አንዳንዱ "የሀብታሞች ምሳ ነው" ይላል፣ አንዳንዱ ኤንጂኦ ይመስለዋል፣ ሌላው ደግሞ ሚስጥራዊ ማኅበር ነው ብሎ ነው የሚፈራው። እኔ እንደሚገባኝ ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚቀርበው የኛ ጽዋ ማኅበር ነው፣ ለምን እንዲህ እንደምል ከታሪኩ ይገባችኋል።

ሮታሪን የጀመረው ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ነው፣ ቺካጎ ውስጥ፣ ፌብሯሪ 23 ቀን 1905 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ሰውዬው ቨርሞንት ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ አያቶቹ ጋ ያደገ ነው፣ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት አካባቢ ማለት ነው፣ ቺካጎ ሲገባ ግን ደንበኛ እንጂ ጓደኛ አጣ። እና ሶስት ሰዎች ጠራ፦ አንዱ የከሰል ነጋዴ፣ አንዱ የማዕድን ኢንጂነር፣ አንዱ ልብስ ሰፊ። አራቱ ተገናኙና ስብሰባውን አንድ ቦታ ከማድረግ ዛሬ አንተ ቢሮ፣ ቀጥሎ እሱ ቢሮ እያልን እንዙር ተባባሉ። ሮታሪ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ መዞር ነው፣ ተራ ከመግባት! በየወሩ በሚካኤል ወይ በማርያም ቀን ከቤት ቤት እየዞረ ተራው ለደረሰው ጽዋው የሚተላለፈው ማኅበር እኮ ይሄው ነው፣ ልዩነቱ እነሱ ዳቦና ጠላ የላቸውም፣ ጻድቅም አልሰየሙበትም።

ሌላው ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ በጎ አድራጎቱ ቀድሞ አለመምጣቱ ነው። መጀመሪያ የነበረው መገናኘት፣ መብላት፣ መጫወት፣ እርስ በርስ መገበያየት ነበር፣ አገልግሎቱ ቆይቶ ነው የገባው። የክለቡ የመጀመሪያው የሕዝብ ሥራ ተብሎ የሚጠቀሰው በ1907 ቺካጎ መሀል ከተማ የሕዝብ ሽንት ቤት እንዲሠራ መገፋፋታቸው ነው። አዎ ሽንት ቤት። አዲስ አበባ ውስጥ ከስታዲየም እስከ ፒያሳ በእግሩ የሄደ ሰው ሀሳቡ ምን ያህል ቁምነገር እንደሆነ ለማስረዳት ሰው አያስፈልገውም።

ላየንስም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፣ ያውም ከዚያው ከቺካጎ። ሜልቪን ጆንስ የኢንሹራንስ ሰው ነበር፣ የነጋዴዎች የምሳ ክበብ አባል፣ እና ይሄን ሁሉ ጉልበታችንን ለራሳችን ንግድ ብቻ ከምናውለው ለከተማው ብናውለውስ ብሎ በ1917 የተለያዩ ክበቦችን ሰብስቦ አንድ አደረጋቸው። በ1925 ደግሞ ሔለን ኬለር፣ ዐይኗም ጆሮዋም የማይሠራው ታዋቂዋ ሴት ማለት ነው፣ ኦሃዮ ውስጥ ጉባኤያቸው ላይ ተገኝታ የዐይነ ስውራን ፈረሰኛ ጀግኖች ሁኑ ብላ ጠየቀቻቸው። ከዛ ቀን ጀምሮ ላየንስ ሲባል ዐይን ነው፣ መነጽር መሰብሰብ፣ የሞራ ግርዶሽ ኦፕራሲዮን፣ ነጭ ዱላ።

የሮታሪ ስብሰባ ምን ይመስላል? አንዴ በእንግድነት ሄጄ ስላየሁ ከዛ ልነሳ። ፕሬዚዳንቱ ደወል ይመታል፣ እንግዶች ይተዋወቃሉ፣ ከሌላ ሀገር የመጣ ሮታሪያን (የሮታሪ አባል) ካለ የክለቡን ትንሽ ባንዲራ ይዞ ይመጣና ይለዋወጣሉ፣ ከዛ አራቱ ጥያቄዎች ይነበባሉ። እውነት ነው ወይ? ለሚመለከታቸው ሁሉ ፍትሐዊ ነው ወይ? መተማመንንና ወዳጅነትን ያጠነክራል ወይ? ሁሉንም ይጠቅማል ወይ? ይሄን የጻፈው ኸርበርት ቴይለር የሚባል ሰው ነው በ1932፣ ሊከስር ጫፍ የደረሰ የድስት ፋብሪካ እንዲያድን ተሰጥቶት ለሠራተኞቹ መመሪያ ይሆን ብሎ። ከዛ ምሳ ወይ ቁርስ እየተበላ አንድ ተናጋሪ ሀያ ደቂቃ ያህል ያወራል፣ ኮሚቴዎች ምን እንደሠሩ ይናገራሉ፣ ደወል፣ አለቀ። ሰዓት ላይ ቀልድ የለም፣ እኔ የሀበሻ ሰዓት ብዬ ዘግይቼ ስደርስ ሾርባው ተነስቶ ነበር።

ደስ ያለኝ ቅጣቱ ነው። ሳርጀንት አት አርምስ የሚባል ሹም አላቸው፣ ሥራው ሥርዓት ማስከበር ነው፣ ግን በየሰበቡ ሰው ይቀጣል፣ ስልክህ ጮኸ ትቀጣለህ፣ ፒንህን ረስተህ መጣህ ትቀጣለህ፣ ጋዜጣ ላይ ወጣህ ብሎም ይቀጣሃል። ሌላው ደግሞ የደስታ ገንዘብ ነው፣ ልጁ የተመረቀለት ወይ አዲስ ቤት የገባ ሰው ተነስቶ ይናገርና ብር ይሰጣል። ላየንሶቹ ጋ ይሄ ሹም ቴይል ትዊስተር ነው የሚባለው፣ ጭራ ጠምዛዥ እንደማለት፣ እሱን ራሱን ለመቅጣት ደግሞ በቦታው ያለው አባል በሙሉ መስማማት አለበት። እድር ውስጥ ያደገ ሰው ይሄን ሲያይ ምንም አይገርመውም፣ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ስብሰባ ላይ ያረፈደ ይቀጣል፣ ዳኛውና ጸሐፊው መዝገብ ይዘው ስም ይጠራሉ። ልዩነቱ የኛ ቅጣት የምር ነው፣ የነሱ እየተሳቀ።

ዜናውን በተመለከተ፣ በድሮው ወግ ክለቦች ቡለቲን ነበራቸው፣ አንድ ወይ ሁለት ገጽ፣ ባለፈው ሳምንት ማን ተናገረ፣ የሚቀጥለው ማን ነው፣ የማን ልደት ነው፣ ስንት ብር ተሰበሰበ፣ ቅዳሜ ዛፍ ተከላ መኪና ያለው ማነው የሚል። አሁን ባብዛኛው ወደ ቴሌግራምና ዋትሳፕ ሄዷል። እድር ጋ ጥሩምባ ነፊው የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው፣ ያለሱ ሰው አይመጣም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሥራው። የሮታሪ ትልቁ ጉዳይ ፖሊዮ ነው፣ የልጅነት ልምሻ። በ1979 ፊሊፒንስ ውስጥ ክትባት ማዳረስ ጀመሩ፣ በ1985 ፖሊዮ ፕላስ የሚባለውን ፕሮግራም አወጁ፣ በ1988 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያሉበት ዘመቻ ሲጀመር በሽታው 125 ሀገር ውስጥ ነበር፣ በዓመት ወደ 350,000 ልጅ ሽባ ያደርግ ነበር። አፍሪካ ከዋይልድ ፖሊዮ፣ ከተፈጥሮው ቫይረስ ማለት ነው፣ ነጻ ተብላ የተመሰከረላት ኦገስት 25 ቀን 2020 ነው፣ ኮቪድ መሀል ስለሆነ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ዜና ነው። ከዚያ በፊት እኛ ጋ በ2013 ሶማሌ ክልል ውስጥ ገብቶ ስንት ዘመቻ ተደርጎበታል። እና አልቋል ብሎ መተኛት አይቻልም፣ ክትባት ባልተዳረሰበት አካባቢ ከራሱ ከጠብታው ቫይረስ ተለውጦ የሚነሳው ዓይነት ከዛም ወዲህ እኛ ሀገር ታይቷል፣ ለዛ ነው አሁንም በር የሚንኳኳው።

ፈቃደኛ ሆኖ የወጣ ሰው የሚያደርገው ከባድ ነገር አይደለም ግን አድካሚ ነው። በረዶ ያለበት የክትባት ሳጥን ትከሻ ላይ አንጠልጥለህ ቤት ለቤት ትሄዳለህ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ አፉ ውስጥ ሁለት ጠብታ፣ ከዛ ትንሽ ጣቱ ላይ የማይለቅ ቀለም፣ ከዛ በሩ ላይ ምልክት። ልጁ ተኝቷል የምትል እናት አለች፣ ባለፈው ተከትቧል የሚል አባት አለ፣ ከብት ይዞ የሄደ ልጅ አለ፣ ተመልሰህ ትመጣለህ። ዋናውን ሸክም የሚሸከሙት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፣ ይሄ መታወቅ አለበት፣ ክለቦቹ ገንዘብ፣ መኪናና ተጨማሪ እግር ነው የሚያመጡት።

እዚህ ላይ እዝራ ተሾመን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሲያትል የሚኖር ኢትዮጵያዊ የኢንሹራንስ ሰው ነው፣ ሮታሪያን፣ ለብዙ ዓመታት አሜሪካኖችን እየሰበሰበ በክትባት ዘመቻ ሰሞን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣ የነበረ። ታይም መጽሔት በ2005 የዓለም ጤና ጀግኖች ካላቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ጉብኝት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የመጣው ሰው ጠብታውን በራሱ እጅ ሰጥቶ፣ ሽባ ሆኖ በእጁ የሚሄድ ጎልማሳ አይቶ ነው የሚመለሰው፣ ከተመለሰ በኋላ ለውሃ ጉድጓድና ለቤት መሥሪያ ገንዘብ የሚያሰባስበውም ያ ሰው ነው። ዲያስፖራው ከሀገር ቤት ጋ የሚገናኝበት መንገድ ፖለቲካና ሠርግ ብቻ አለመሆኑን ካሳዩን ሰዎች አንዱ ነው።

የላየንስ ደግሞ ትራኮማ ነው፣ እሱም ባብዛኛው አማራ ክልል። ትራኮማ ዝንብ፣ የፊት አለመታጠብና የውሃ እጦት የሚያዛምቱት በሽታ ነው፣ ከስንት ዓመት መመላለስ በኋላ የዐይን ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቀዋል፣ ገጠር ያሉ እናቶች ወረንጦ አንገታቸው ላይ አስረው ፀጉሩን ሲነቅሉ ያየ ያውቀዋል። ላየንስ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ካቋቋሙት ካርተር ማዕከልና ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋ ሆኖ ለዐይን ቆብ ኦፕራሲዮንና ለመድኃኒት እደላ ገንዘብ ሲያፈስ ቆይቷል፣ መድኃኒቱ ፋይዘር የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ በነጻ የሚሰጠው ዚትሮማክስ ነው። ከ2008 ጀምሮ ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ ያደረገ ማልትራ የተባለ የዘመቻ ሳምንት ተጀመረ፣ ሕዝቡ ተሰልፎ ቁመቱ በእንጨት ይለካል፣ እንደ ቁመቱ ስንት ፍሬ ኪኒን እንደሚገባው ይታወቃል፣ ሚዛን ተሸክሞ ተራራ መውጣት የለም። ቀላል ብልሃት ግን በጣም የምወዳት።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚል ሰው፣ የሮታሪ የገንዘብ ክንፍ የሆነው ሮታሪ ፋውንዴሽን በ1917 ነው የተጀመረው፣ የመጀመሪያው መዋጮ 26 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። አሁን ግሎባል ግራንት የሚባል ለትልልቅ ፕሮጀክቶች የሚሰጥ ድጋፍ አለ፣ ትንሹ በጀት 30,000 ዶላር ነው፣ አንድ የሀገር ውስጥ ክለብና አንድ የውጭ ክለብ አንድ ላይ ሆነው ማመልከት አለባቸው፣ ፋውንዴሽኑም ገንዘብ ያክልበታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ክለብ ባንዲራ የሚለዋወጠው ለጌጥ አይደለም፣ ያ ምሳ ላይ አጠገቡ የተቀመጠው የካናዳ ሰው ነገ የጉድጓድ ውሃው ሸሪክ ሊሆን ይችላል። ሥራውን የወለደው ምሳው ነው የምለው ለዚህ ነው፣ አብሮ ያልበላ ሰው ለማያውቀው ሰው 30,000 ዶላር አይፈራረምም።

ወጣቶቹ የራሳቸው አላቸው። ኢንተራክት ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ነው፣ በ1962 የተጀመረ፣ ሮታራክት ከ18 በላይ ለሆኑት፣ በ1968። እውነቱን ለመናገር ጉልበቱ ያለው ሮታራክቶቹ ጋ ነው፣ ደም ልገሳ፣ ጽዳት፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ማደስ፣ ተማሪ ማስጠናት ሲባል ጠዋት ቲሸርት ለብሰው የሚገኙት እነሱ ናቸው፣ ትልልቆቹ ፎቶ ሲነሳ ይደርሳሉ። (ሁሉም አይደሉም፣ እሺ።) ሴቶች ግን ለረጅም ጊዜ በር ተዘግቶባቸው ነበር፣ አንድ የካሊፎርኒያ ክለብ ሴቶች አስገባ ተብሎ ተባረረ፣ ክሱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1987 ሴቶቹ ረቱ፣ በ1989 ደንቡ ለዓለም ሁሉ ተቀየረ። የመጀመሪያዋ ሴት የሮታሪ ኢንተርናሽናል ፕሬዚዳንት ካናዳዊቷ ጄኒፈር ጆንስ ናት፣ በ2022።

የክለቡ ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው፣ በኛ ሰኔ 24፣ ከመንግሥት በጀት ዓመት አንድ ሳምንት ቀድሞ። ያኔ የሹመት ምሽት አለ፣ አሮጌው ፕሬዚዳንት የአንገት ኒሻኑን አውልቆ ለአዲሱ ያጠልቃል፣ ባለቤቶችና ልጆች ይመጣሉ፣ ይበላል ይጨፈራል። ሥልጣን አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ሰው ሲወድህም ሲጠላህም በሰኔ ትወርዳለህ፣ ሊቀ መንበሩ ሀያ ዓመት የተቀመጠበት እድር የምታውቁ ሰዎች ይሄን ብትወያዩበት ጥሩ ነው።

ትችቱም አለ፣ ከልቤ የምስማማበትም አለበት። በትልልቅ ሆቴል በየሳምንቱ መመገብ ለደሞዝተኛ አይቻልም፣ ስብሰባው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጎበዝ ነጋዴ ሆኖ ቋንቋው የማይመቸው ሰው ይቀራል፣ አባልነቱም በግብዣ ስለሆነ ሰው ከሚያውቀው ሰው ውጭ አይጠራም። ለመሄድ ከፈለጋችሁ ግን መንገዱ ቀላል ነው፣ አንድ አባል ፈልጋችሁ በእንግድነት መምጣት እፈልጋለሁ ማለት፣ ሁለት ሶስቴ ተመላልሳችሁ ማየት፣ ከዛ እነሱ የትኛው ኮሚቴ ይሻልሃል ይሏችኋል። ክለብ ሳትገቡ መሥራት የምትፈልጉ ደግሞ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ አለ፣ ቀይ መስቀል አለ፣ ደም ባንክ በየሶስት ወሩ ክንዳችሁን ይቀበላል። እንግድነት የምትሄዱ ከሆነ ግን ምሳውን ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ጠይቁ፣ እኔ ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት።