አዲስ የወንዝ ዓሣ ዝርያ እንዴት ይለያል? ወሎን መነሻ ያደረገ ዳሰሳ

አንድ ዓሣ “አዲስ ዝርያ” የሚባለው ሰው ዓይቶት ስለማያውቅ አይደለም። የወንዝ ዳር ልጆች ሲያጠምዱት የኖሩት ዓሣ ሊሆን ይችላል። አዲስ የሚያሰኘው ከዘመዶቹ የሚለይበት ምልክት በጽሑፍ ሲወጣ፣ ሳይንሳዊ ስም ሲያገኝና ናሙናው ሙዚየም ሲገባ ነው።

ወሎ ለዚህ ሥራ በጣም የሚመች አገር ነው። ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። የበሽሎ ውሃ ዓባይ ይገባል። ተከዜ ከላስታ ተነስቶ በሌላ መንገድ ናይል ላይ ይደርሳል። ቦርከናና ሚሌ ግን ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው አዋሽን ይቀላቀላሉ፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ይቀራል። ከደሴ ተራሮች ወዲህና ወዲያ የሚወርዱት ጅረቶች ምንጫቸው ቅርብ ለቅርብ ነው፣ መድረሻቸው ግን ለየቅል። ዓሣ ደግሞ ተራራ አይሻገርም። ከረጅም ዘመን በፊት የተለያዩ ዘመዳሞች በየፊናቸው ተለውጠው ሊሆን ይችላል። ይህ ጥርጣሬ ነው፤ ማስረጃ የሚሆነው ዓሦቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩ ነው።

ሰው ስለ ወሎ ዓሣ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ሐይቅንና አርዲቦን ነው። እውነትም የሐይቅ ጥብስ ስም አለው። አዲስ ዝርያ ለሚፈልግ ግን ቆሮሶ (ቲላፒያ) ብዙም አይጠቅምም፤ ሐይቅ ውስጥ የገባው በሰው እጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ካርፕም እንዲሁ መጤ ነው። ከሌላ ውሃ የመጣን ዓሣ የአገሬው አዲስ ዝርያ ነው ብሎ ማወጅ ትልቅ ስህተት ስለሆነ፣ የውሃውን ታሪክ ማጣራት ይቀድማል።

በእኔ እምነት ትኩረት የሚገባው ማንም ገበያ የማያወጣው ትንሹ ዓሣ ነው። ሳይንቲስቶች “ጋራ” የሚሉት ወገን ነው። አብዛኛው ከእጅ መዳፍ አይበልጥም፤ ፈጣን ጅረት ውስጥ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ገልበጥ አድርጋችሁ ብታዩት፣ ከአፉ ሥር ከታችኛው ከንፈር የተሠራ ክብ መጣበቂያ አለው። አፉን ከላይ የሚሸፍነው ቆዳ ዳሩ የተሸነሸነ ነው። ከአፉ ግራና ቀኝ አጫጭር ጢሞች አሉት። የአንዱ ዝርያ መጣበቂያ ሰፊ ነው፣ የሌላው ጠብቦ ሊጠፋ ደርሷል። የአንዱ ደረት ቅርፊት አለው፣ የሌላው ራቁቱን ነው። ዝርያ የሚለየው እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

ይህ ሥራ በአገራችን ልጅ ተሠርቶ ያውቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ከዓሣ ተመራማሪዋ ሜላኒ ስቲያስኒ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 በርካታ የኢትዮጵያ ጋራ ዝርያዎችን ገልጸዋል። ጋራ ደምበጫ፣ ጋራ ጣና እና ጋራ ገባ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ገባ የተከዜ ገባር ነው። ተከዜ የሚነሳበት የላስታ ጅረት ውስጥ ዓሣ የሚሰበስብ ሰው ከዚያ ናሙና ጋር ሳያስተያይ ምንም ማለት አይችልም።

የመስኩ ሥራ በጋ ላይ ይቀላል፤ ውሃው ሲጎድልና ሲጠራ። ዓሣው ከመረቡ እንደወጣ ቀለሙ ሳይጠፋ ፎቶ ይነሳል፤ አልኮል ውስጥ ከገባ በኋላ ቀለሙ ይደበዝዛል። ቀጥሎ ከክንፉ ቁራጭ ተቆርጦ ለዲኤንኤ በንጹሕ አልኮል ይቀመጣል። የሚቆረጠው ከቀኝ ጎን ነው፣ ምክንያቱም ልኬትና ቆጠራ በልማድ የሚደረገው በግራ ጎን ነው። ዓሣው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን የሚባለው ኬሚካል ውስጥ የሚነከረው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተሳተ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሻል፣ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። የተያዘበት ቦታ፣ ከፍታና ቀንም እዚያው ይጻፋል። መገኛው ያልተጻፈ ዓሣ ለዚህ ሥራ ዋጋ የለውም።

ላቦራቶሪ ውስጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ በሚዘልቀው የጎን መስመር ላይ ያሉት ቅርፊቶች በማጉያ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የክንፎቹ ዘንጎች ይቆጠራሉ። የጭንቅላት ርዝመት፣ የዓይን ስፋት፣ የጅራት ግንድ ቁመት በካሊፐር ይለካል። የአከርካሪ አጥንት በኤክስሬይ ይታያል። ይህ ሁሉ በአንድ ዓሣ አይሆንም፤ ትልቁም ትንሹም፣ ወንዱም ሴቷም ያስፈልጋሉ። አለዚያ የዕድሜ ልዩነት የዝርያ ልዩነት ይመስላል። የዲኤንኤ ውጤትም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፣ ከአካሉ ምልክት ጋር መግጠም አለበት።

ከዚያ የቆዩት ናሙናዎች ይመጣሉ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኢትዮጵያ መጥቶ የጣናን ዓሦች ሰብስቧል፤ ናሙናዎቹ ፍራንክፈርት ናቸው። አዲስ የተባለው ዓሣ ሩፔል ቀድሞ የሰየመው ከሆነ የሚጸናው የቀደመው ስም ነው። የእንስሳት ስያሜ ሕግ ቆጠራውን የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1758 ነው። ሕጉ ስሙን የሚሸከም ናሙና እንዲሰየምም ያስገድዳል፤ በተለምዶ አንድ ዋና ናሙና ነው፣ ሆሎታይፕ ይባላል። ስሙ ለዘለዓለም የሚታሰረው ከዚያች አንዲት ዓሣ ጋር ነው። አራት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየም እንዲህ ያለውን ናሙና ማስቀመጫ ነው። ከአገር የሚወጣ ናሙና ካለ ግን የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ግድ ይላል።

ጊዜው ግን እየጠበበ ነው። ዓሣ የሚያሰክረው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ጅረት ውስጥ ሲጨመር፣ የሚበላውም የማይበላውም ዓሣ አብሮ ያልቃል። ቦርከናም ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል። ስለዚህ ቦርከና ላይ የሚሠራ ሰው ከከተማው በላይ ካሉት ገባሮች ቢጀምር ይሻላል። ከከተማው በላይና በታች የተያዙት ዓሦችም በየራሳቸው ማሰሮ፣ በየራሳቸው ቁጥር መቀመጥ አለባቸው።