«ተጫወተው»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የዛሬው በተለይ ለአባቶች ነው። እናቶች ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ለባሎቻችሁ ስትልኩት ግን «ይኸው ስላንተ ተጽፏል» አትበሏቸው፣ ያኔ አያነቡትም።

ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የነጋዴ ዕቃ በጉምሩክ አስፈጽሞ ማስገባት። ድሬዳዋ የኖረ ያውቀዋል፤ ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ) ስህተት ሲገኝበት፣ ሹፌሩ ጅቡቲ ድንበር ደወሌ ላይ ሲቆም፣ ባለ ዕቃው ሲቆጣ የሚጮኸው የእኔ ስልክ ነው። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ራሴ ጅቡቲ እወርዳለሁ። ከዚያ በተረፈችው ሰዓት ደግሞ የማኅበር አገልግሎት አለ፤ ለቁልቢ ተጓዦች ውኃና ማረፊያ ማሰናዳት፣ መዋጮ መሰብሰብ። «እሱ እኮ ሥራውንም አገልግሎቱንም አያጓድልም» ሲባል ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሽርጤን አገልድሜ ማራገቢያው ሥር ጋደም ብያለሁ። ልጆቼ በረንዳው ላይ ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ። ሴቷ 7 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 4። እሷ እናት ሆነች፤ በቆርኪ ወጥ ሠራች፣ በቅጠል እንጀራ ጋገረች። ወንድሟን «አንተ አባት ነህ» አለችው። ደስ ብሎት ወደ ማዕዱ ጠጋ ሲል ገፋችው። «አባት ነህ አልኩህ እኮ! ጅቡቲ ሂድ!» ምስኪን፣ ወጥቶ ከበሩ ኋላ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ «አሁን ልግባ?» አላት። «ቆይ፣ ገና አልተኛንም» አለችው።

የተኛሁ መስዬ ዝም አልኩ። «ቆይ» የእኔ ቃል ናት። ልጄ ስትጠራኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ እጄን እያወዛወዝሁ የምላት።

ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው የምጠብቀው ስግደት ነበር። እሳቸው ግን መጠየቅ ጀመሩ። «ልጆችህን አቡነ ዘበሰማያት ማን አስጠናቸው?» እናታቸው። «ውዳሴ ማርያምስ?» እናታቸው። «ለቁርባን ማን ያደርሳቸዋል?» አሁንም እናታቸው። «እሺ፣ አንተስ ምን አጫወትካቸው?» ዝም አልኩ። ከዚያ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6ን አንብብ ብለው ላኩኝ።

ቁጥር 7ን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው።» እኔም መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ግን የመጨረሻዋ ቃል አልፋኝ ነበር። ተጫወተው! «ገሥጽበት» አላለም፤ «ስበክበት»ም አላለም። በእኛ አገር ጨዋታ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ «ተጫወቱ እንጂ» እንላለን፤ ዝም ካለ ያመመው ይመስለናል። ጨዋታ ጊዜ ይፈልጋል፣ መስማትም ይፈልጋል፤ አንዱ ብቻ የሚናገርበት ነገር ጨዋታ አይባልም።

እንግዲህ ራሴን ስመረምር፣ ጨዋታዬ ሁሉ የሚያልቀው ውጭ ነው። ለወዳጅ አለኝ፣ ለደንበኛ አለኝ፣ ለማኅበሩ ሰዎች አለኝ። (ጫት ይዞ በርጫ የሚቀመጥ ሰው አይደለሁም፤ ግን ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ማኪያቶ ይዞ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው በርጫ በሚቀመጠው ላይ ባይፈርድ ይሻላል።) ቤት ስገባ የሚቀረኝ ትእዛዝ ብቻ ነው። ጫማህን አውልቅ። አጥኚ። ዝም በሉ፣ ስልክ እያናገርሁ ነው።

«ተጫወተው» ያለው ሙሴ ደግሞ ሥራ የማያውቅ ሰው አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ላይ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ሕዝብ ሲዳኝ እናገኘዋለን። አማቱ ዮቶር የሙሴን ሚስት ሲፓራንና ሁለቱን ልጆቹን፣ ጌርሳምንና አልዓዛርን፣ ይዞለት ምድረ በዳ ድረስ መጣ። ሙሴ ሊቀበል ወጣ፣ ለአማቱ ሰገደ፣ ሳመው፣ ደኅንነት ተጠያየቁ። ልጆቹን ስለ መሳሙ የተጻፈ የለም። አልሳማቸውም ማለቴ አይደለም፤ መጽሐፉ ያላለውን አልልም። ብቻ ካነበብሁት ወዲህ ያ ቦታ ያቆመኛል። በማግሥቱ ሙሴ ወደ ችሎቱ ተመለሰ፣ ዮቶርም አይቶ «ትደክማለህ፣ ብቻህን አትችለውም» አለው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾምም መከረው። ሙሴም ሰማው። «ስትቀመጥ፣ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ሙሴ 120 ዓመት ሊሞላው ሲል።

እኔም ከማኅበሩ ሁለት ኃላፊነቶች አስረከብሁ። አገልግሎቱ አልቆመም። ትንሽ ቅር ያለኝ እንዲያውም ባለመቆሙ ነው!

«ለቤተሰቤ ብዬ እኮ ነው የምሮጠው» የሚል አባት ይኖራል፤ እኔም ብያለሁ። እውነት ነው፤ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ከማያምን ሰው ይልቅ የከፋ ነው ብሎ ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጽፏል። ግን ማሰብ አለ እንጂ ማብላት ብቻ አላለም። ደግሞ በሌሊት ተነሣ፣ ስፖርት ሥራ፣ ራስህን ለውጥ የሚሉትን የስልክ ቪዲዮዎች ተከትዬ ለአንድ ወር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቻለሁ። ቦርጬ ቀነሰ፤ ማታ ግን ከልጆቼ ቀድሜ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር።

ተመልከቱ፣ ሙሴ ከቆጠራቸው አራት ጊዜያት አንዱም ተጨማሪ ሰዓት አይጠይቅም። ያው የምንቀመጥበት፣ ያው የምንሄድበት ነው። እኔ የጀመርሁት ከመንገዱ ነው። ጥዋት ልጆቹን በባጃጅ ትምህርት ቤት ሳደርስ ደቻቱን እንሻገራለን። አንድ ቀን ልጄ «ይሄ ወንዝ ውኃ ሳይኖረው ለምን ወንዝ ይባላል?» አለችኝ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣውን ጎርፍ ነገርኋት፤ ከ200 በላይ ሰው እንደሞተ፣ ደረቅ አሸዋ የመሰለው በአንድ ሌሊት ምን እንደሆነ። ከዚያ በአሸዋ ላይና በዓለት ላይ ስለተሠሩት ሁለት ቤቶች ጌታ የተናገረውን አጫወትኋት። «እነዚያ ሰዎች ሞኝ ነበሩ?» አለች። አይደሉም ልጄ፣ ድሃ ቤት የሚሠራው መሬት ባገኘበት ነው፤ ጌታ የተናገረው ቃሉን ሰምቶ ስለማያደርግ ሰው ነው አልኋት። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ዝም አለች። ለእኔም ያ ጥያቄ ስብከት ሆኖኝ ዋለ፤ ሰምቶ የማያደርገው ማን እንደሆነ አውቀዋለሁና።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ንስሐ አባቴ የሰጡኝ ቀኖና ይኸው ነበር፤ እስከ ልደት በየቀኑ አንድ ጨዋታ። ሁሉንም ቀን አልፈጸምሁትም፤ ጅቡቲ የዋልሁባቸውን ቀናት በስልክ ሞከርሁ፣ ሁለቱን ጭራሽ ረሳሁ። እሳቸውም «የረሳኸውን ለልጅህ ንገራት፣ ይቅርታ ጠይቃት» አሉኝ። ይህ ከስግደቱ ሁሉ ይከብዳል።

ታኅሣሥ 18 ለዋዜማው ወደ ቁልቢ ስንወጣ መኪናው ጢም ብሎ ነበር፤ ልጄ ጭኔ ላይ ናት። ስለ ሠለስቱ ደቂቅ፣ እቶን እሳት ውስጥ ስለተጣሉት ሦስት ልጆች፣ ስናወራ፣ ገና ድሮ ጠይቃኝ «ቆይ» ያልኋትን አነሣች። «አባዬ፣ ገብርኤል እሳቱን በምን አጠፋው?»

«አላጠፋውም» አልኋት። «እሳቱ ሰባት እጥፍ ነዶ ውጭ የቆሙትን ሰዎች አቃጥሏል። መልአኩ ወርዶ የእቶኑን መካከል ጠል እንዳለው ቀዝቃዛ ነፋስ አደረገላቸው፣ እነሱም እዚያው ውስጥ ሆነው ዘመሩ።»

የድሬ ሙቀት ከኋላችን ቀርቷል። ዳገቱን ጨርሰን ደንገጎ ስንደርስ በመስኮቱ ብርድ ገባ። እጇን አወጣችና ነፋሱን ያዘችው።

«እንደዚህ?» አለችኝ።