ጅማ ውስጥ ከመጠጥ ለመላቀቅ፦ የእርስ በርስ መደጋገፊያ ስብሰባ

መጠጥ ያስቸገራቸው ሰዎች ለማቆም ብለው እየተገናኙ የሚጨዋወቱበት፣ በብዙ አገር የሚካሄድ፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ስማቸውን የማይገልጹ ጠጪዎች እንደማለት) የሚባል ስብሰባ አለ። ሐኪም አይመራውም፤ ካርድም አይወጣበትም። ያለፈበት ሰው ላለበት ሰው ያወራል፤ በቃ ይኸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ኦሃዮ ውስጥ አክረን ወደምትባል ከተማ ይሄዳል። ሥራው አልሆነለትም። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነው፣ ከሆቴሉ ቡና ቤት ደግሞ የሞቀ ጨዋታ ይሰማል። (እኛም ቡናው በሚበቅልበት አገር ቢራ የሚሸጥበትን ቤት ቡና ቤት ማለታችን ይገርመኛል።) አልገባም። ይልቅ ስልክ አንስቶ እንደሱ የተቸገረ ሌላ ጠጪ ማፈላለግ ያዘ፤ በመጨረሻም ቦብ ስሚዝ የተባለ ቀዶ ሐኪም ጋር ደረሰ። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ልደት ተደርጎ ይቆጠራል። አባላቱ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚከተሏቸው የታወቁት 12 ደረጃዎች በ1939 ታተሙ።

ስብሰባው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ተራ የደረሰው የራሱን ስም ብቻ፣ ያለ አባት ስም፣ ተናግሮ የደረሰበትን ያወራል። ሌላው ያዳምጣል። መሀል ገብቶ መምከር የለም፤ ለእኛ ሰው ይሄ ከባድ ነው። አዲስ የመጣ ዝም ብሎ ቢወጣም ማንም አያስገድደውም። ክፍያ የለም፤ የቻለ ለክፍሉ ወጪ ሳንቲም ጣል ያደርጋል። መስፈርቱ አንድ ነው፤ ለማቆም መፈለግ። ክፍት የሚባለው ስብሰባ ላይ ቤተሰብም መቀመጥ ይችላል፤ ዝግ የሚባለው ግን ለባለጉዳዩ ብቻ ነው። ደረጃዎቹ ስለ ፈጣሪ ቢያነሱም «እኛ በምንረዳው መጠን» ስለሚሉ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀመጥበታል።

ይሠራል ወይ? በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ሰዎችን አይቷል። ወደዚህ ዓይነት ስብሰባ እንዲገቡ በሥርዓት የታገዙ ሰዎች፣ ጨርሶ በማቆም በኩል፣ ሌላ የታወቀ የምክር ሕክምና ካገኙት የተሻለ ውጤት ነበራቸው።

ወደ ጅማ ስንመጣ ጣጣው መጠጡ ብቻ አይደለም። ቀን ጫት ይቃማል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይባላል። «እኔ ጠጪ አይደለሁም፣ ለጨብሲ ብቻ ነው» የሚል ሰው ሞልቷል፤ በየቀኑ ነው እንጂ። ከዚያ ደግሞ ዕይታ አለ። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር የታየ ሰው ሄርማታ ሰፈር ሳይደርስ ወሬው ይቀድመዋል። መጠጥ በሃይማኖቱ ክልክል የሆነበት ቤተሰብ ውስጥ ያለ ሰው ችግሩን ሁለቴ ይደብቃል።

እዚህ ላይ የለመድነው የመሰባሰብ ባህል ይረዳልም፣ ያስቸግራልም። እድር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። በዚህ ስብሰባ ግን መዝገብ የለም፣ የቀረም አይቀጣም፤ የሰማኸውን እዚያው ትተህ ትወጣለህ። ለእድርተኛ እንግዳ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ቁምነገር እሱ ነው።

ፍለጋው ከየት ይጀምር? በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ቢያይ ይሻላል። በድንገት ማቆም ከእጅ መንቀጥቀጥ አልፎ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መቃዠትም ይመጣል። ይሄ ቤት ተዘግቶ የሚወጡት ነገር አይደለም፣ ይገድላል። ጠበል የሚሄድም ቢሆን ይህን አስቀድሞ ለሐኪም ይናገር። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ስለ ስብሰባና ስለ ቡድን ለመጠየቅም ጥሩ በር ነው። ሱስ ሕመም መሆኑ የገባው ቄስ፣ ሼህ ወይም ፓስተርም ሌላ የተቸገረ ሰው ያውቅ ይሆናል፤ በምስጢር ቢያገናኝ ትልቅ ነገር ነው።

ለሳምንታዊ ስብሰባ አዲስ አበባ መመላለስ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኪስም ጉልበትም አይችለውም። ግን ብዙ ሰው አያስፈልግም። በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ልማድ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ለማቆም ብለው ከተቀመጡ ቡድን ናቸው። አንድ ጀበና ይበቃቸዋል። ቦታው ጠላ ቤት ጎን አይሁን እንጂ። ሚስት፣ ባል ወይም ልጅ ለብቻቸው የሚደጋገፉበት አል-አኖን የሚባልም አለ፤ በ1951 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው።

ሌላው መንገድ ስልክ ነው። በዙም የሚካሄዱ ስብሰባዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ካሜራ ማጥፋት ይቻላል፣ ስምንም በአንድ ፊደል መተካት። ሰዓቱ ግን እንዳያሳስት። የኒው ዮርክ የእኩለ ቀን ስብሰባ፣ በእነሱ የብርድ ወራት፣ ጅማ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ልክ ጨብሲ የሚጀመርበት፣ ቡና ቤቱ የሚሞቅበት ሰዓት።