ፊት ወደ ፀሐይ፣ ጀርባ ወደ መቅደስ

በየዓመቱ በፈረንጆች ጁን 21 ቀን ገደማ፣ በእኛ ሰኔ 14 መሆኑ ነው፣ በደቡብ እንግሊዝ ስቶንሄንጅ በሚባለው ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ንጋትን ሲጠባበቁ ያድራሉ። ብዙው ለማየት የመጣ ነው፤ ከመካከላቸው ግን ነጭ ቀሚስ የለበሱ፣ ራሳቸውን በጥንታዊት ብሪታንያ አረማውያን ካህናት ስም ድሩይድ ብለው የሚጠሩ፣ እንዲሁም ዊካ የሚባለው ተፈጥሮን የሚያመልክና አስማትን የሚሠራ አዲስ እምነት ተከታዮች አሉ። ጎሕ ቀድዶ ፀሐይ ብቅ ስትል ከበሮ እየመቱ፣ እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሏታል።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 8 ነው። ነቢዩ በመቅደሱ መግቢያ አጠገብ 25 የሚያህሉ ሰዎች ጀርባቸውን ወደ መቅደሱ፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ለፀሐይ ሲሰግዱ አየ። እኛም እኮ ስንጸልይ ወደ ምሥራቅ እንዞራለን። እንግዲያው የተወገዘው አቅጣጫው ሳይሆን ጀርባ የተሰጠው ለማን እንደ ሆነ ነው፤ ከስጦታው ፊት ቆሞ ሰጪውን መርሳት።

እነዚህን ሰዎች በጅምላ «ሰይጣን አምላኪዎች» ማለት ግን አይገባንም፤ አብዛኞቹ ሰይጣን መኖሩንም አያምኑም፣ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝም እነርሱን አይለይም። መጽሐፈ ጥበብ ምዕራፍ 13 እሳትን፣ ነፋስንና ከዋክብትን አማልክት ስላደረጉ ሰዎች ሲናገር፣ እግዚአብሔርን ሲፈልጉ የሳቱ ሊሆኑ ይችላሉና ነቀፋቸው ያነሰ ነው ካለ በኋላ፣ ፍጥረትን ይህን ያህል ከመረመሩ ጌታውን እንዴት ፈጥነው አላገኙትም ብሎ ይጠይቃል። ሐዋርያው ጳውሎስም አሕዛብ የሚሠዉት ለአጋንንት እንደ ሆነ የተናገረው፣ ሠዊዎቹ ራሳቸው እንዲህ ባያስቡም ነው።

ዊካን በሰፊው ያስተዋወቀው ጄራልድ ጋርድነር የተባለ እንግሊዛዊ ጡረተኛ ሲሆን፣ ጥንቆላን የሚከለክለው የአገሩ ሕግ በ1951 እ.ኤ.አ. ከተሻረ በኋላ፣ በ1954 መጽሐፍ አሳተመ። አዲስነቱ ግን ለእኔ ዋናው ነቀፋ አይደለም፤ ከአብርሃም በፊት የነበረ ጣዖትም ጣዖት ነው። ይልቅ የሚያሳስበኝ ሥርዓቱ ለነፍስ የሚያስተምራት ነገር ነው። በዊካ ክበብ ይከበባል፣ ሻማ ይበራል፣ ቃል ይደገማል፤ ይህም የሰው ፈቃድ እንዲፈጸም ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ ወድቆ «የእኔ ፈቃድ አይሁን፣ የአንተ እንጂ» ብሎ ጸለየ። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው አያድሩም፤ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 አስማትንና ጥንቆላን የከለከለውም እስራኤል ቃሉን ከነቢዩ አፍ እንድትሰማ እንጂ የእግዚአብሔርን እጅ ጠምዝዛ ልትወስድ ስለማይገባት ነው። ኮከብ የሚያስቆጥር፣ ለገበያው መድኃኒት የሚያስደግም ክርስቲያን ደግሞ ይህን ምዕራፍ ለሌላው ከማንበቡ በፊት ለራሱ ያንብበው።

«ማንንም እስካልጎዳህ ድረስ የወደድኸውን አድርግ» የሚለው መመሪያቸው ለጎረቤት ያስባል፤ ይህን አልነሣቸውም። ዳዊት ግን የኦርዮን ሚስት ወስዶ እርሱንም ካስገደለ በኋላ እግዚአብሔርን «አንተን ብቻ በደልሁ» አለ፤ ኃጢአት በሰው ላይ ከደረሰው ጉዳት አልፎ በፈጣሪ ፊት እንደሚቆም ያውቅ ነበርና።

ለእነርሱ እንዴት እንናገር ለሚል፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 አለ። የልስጥራን ሰዎች ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት ናቸው ብለው ኮርማዎችና የአበባ አክሊሎች ይዘው በመጡ ጊዜ፣ ሐዋርያት ልብሳቸውን ቀድደው ወደ ሕዝቡ መካከል ሮጡ፤ ሕዝቡ ከሚወደውና ከሚያውቀው ከዝናቡና ከፍሬው ወራት ተነሥተው፣ ልባቸውን በመብልና በደስታ ሲሞላ የኖረው ሕያው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ነገሯቸው። ይህን ብለውም እንኳ፣ ሕዝቡ እንዳይሠዋላቸው ያስተዉት በጭንቅ ነበር።